መድፈኛው ሕግ አርቃቂ

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መሳፍንትና መኳንንት፣ ሚኒስትሮችና የቤተ ክህነት አለቆች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አንድ ሰነድ ፈረሙ። 7 ምዕራፍና 55 አንቀጽ ያለው ይህ ሰነድ አገሪቱ በዘመናዊ መልክ የጻፈችው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ነበር። ከፈራሚዎቹ አብዛኞቹ ሕግ ሲባል የሚያውቁት ፍትሐ ነገሥትን፣ የአያት የቅድመ አያታቸውን ልማድና የንጉሡን ቃል ነው። ስለዚህ አዲሱን ነገር በሚገባቸው አማርኛ የሚያስረዳቸው ሰው ያስፈልግ ነበር። ይህን ያደረጉት የጊዜው የገንዘብ ሚኒስትር በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ያስረዱትን ሰነድ ያረቀቁትም ራሳቸው ነበሩ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የፍትሐ ነገሥት መምህር አልነበሩም፤ ከዳኝነት ወንበርም አልመጡም። ሰውየው በትምህርታቸው ወታደር፣ ያውም መድፈኛ ናቸው፤ ሙያውንም የቀሰሙት በዛሮቹ ዘመን፣ ፒተርስበርግ በነበረው በሚካኤል የመድፈኞች ትምህርት ቤት ነው። ለመሆኑ መድፍ ማነጣጠር የተማረ ሰው የአንድን አገር ሕገ መንግሥት ለመጻፍ እንዴት በቃ? ከጻፈስ በኋላ ሕጉ ለአገሩም ለእሱም ምን አደረገ? ይህ ጽሑፍ የሚከታተለው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። ብዙ ሰው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ከብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ጋር ያምታታቸዋል። ስማቸው ይቀራረባል፣ ዘመናቸውም አንድ ነው፣ ሁለቱም ለንጉሥ ፊት የማይሸማቀቁ ነበሩ። ብላታ ታከለ ግን በጣሊያን ወረራ ጊዜ በአርበኝነት የታገሉ፣ ከነፃነት በኋላ ከንቲባም እስረኛም አፈ ንጉሥም የሆኑ፣ በመጨረሻም በ1962 ዓ.ም. ሊይዛቸው ከመጣ የመንግሥት ኃይል ጋር በቤታቸው ተታኩሰው የሞቱ ሰው ናቸው። የእሳቸው ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። የእኛው ሰው መድፈኛው ናቸው።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ሲያደብር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር ተሻግረው ከራስ መኰንን ቤት ተጠጉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ጦርነት ሲሆን የ12 ዓመት ያህል ልጅ ሆነው ከራስ መኰንን ሠራዊት ጋር እዚያው ነበሩ። ያ ትውልድ ዐድዋን ሲያስታውስ በአብዛኛው ድሉን፣ ፈረሱንና ጎራዴውን ያወሳል። ተክለ ሐዋርያት ግን ብዙም ሳይቆዩ የተላኩት መድፍ ወደሚሠራበትና ወደሚጠናበት አገር ነው። ዐድዋ ላይ ጠላት ይዞት የመጣውን መሣሪያ የእኛ ልጆችም ጠንቅቀው ይወቁት የሚል ሐሳብ በዚያን ጊዜ በሐረርም በአዲስ አበባም ነበረ። ልጁም በዐድዋ ማግሥት ወደ ሩሲያ ሄደ። እዚያ ሞልቻኖቭ የሚባሉ የጦር መኮንን ቤተሰብ እንደ ልጅ ተቀብሎ አሳደገው፤ ቋንቋውንም፣ የሰው ወጉንም፣ ሙያውንም ሩሲያ ሰጠችው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት ቤት ሆኖ የሚያየው ምንድነው? ከ1896 እስከ 1897 ዓ.ም. ሩሲያ ከጃፓን ጋር ተዋጋች። ያቺ የዓለምን ስድስተኛ እጅ የያዘች ግዛት፣ ያ ሁሉ መድፍና መርከብ ያለው ንጉሥ፣ አውሮፓ እንደ ልጅ መጫወቻ ይቆጥራት በነበረችው አንዲት የእስያ አገር ተሸነፈ። ፖርት አርተር ወደቀ፣ የሩሲያ መርከቦች ቱሺማ ላይ ሰጠሙ። በዚያው ዓመት የፒተርስበርግ ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ ዛሩ ሳይወዱ በግድ ዱማ የሚባል ምክር ቤት ለመፍቀድ ተገደዱ፤ ግን በሌላ እጃቸው የሰጡትን መልሰው ወሰዱ፤ የበላይ ሥልጣኑ በእጃቸው እንደሆነ የሚናገር ሕግም በ1898 አወጡ። ተክለ ሐዋርያት ሩሲያ ከአሥር ዓመት በላይ ሲቆዩ እነዚህን ሁለት ነገሮች በቅርብ ሆነው ለማየት ዕድል አግኝተዋል፤ ጃፓን ማለት ምን ማለት እንደሆነና ንጉሥ ከላይ የሚሰጠው ሕግ ምን እንደሚመስል። ከ25 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ብዕር ሲያነሱ ሁለቱም በወረቀታቸው ላይ ነበሩ ማለት ማጋነን አይመስለኝም።

አንዳንድ ጽሑፎች ከሩሲያ በኮሎኔል ማዕረግ ተመለሱ ይላሉ። እኔ ይህን ለማመን ይቸግረኛል፤ ሰውየው አገር ሲገቡ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበሩ ወጣት ናቸው፤ በዛሩ ሠራዊት ደግሞ ኮሎኔልነት እንዲህ በቶሎ አይገኝም። የማያጠራጥረው በመድፈኛ መኮንንነት መሠልጠናቸው ነው። ይኸው ይበቃቸዋል፤ ማዕረግ መደረብ አያስፈልጋቸውም።

ሲመለሱ ግን የላኳቸው ሰው አልጠበቋቸውም። ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 አርፈዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ታመዋል፤ ቤተ መንግሥቱ በሹክሹክታ ተይዟል። ወጣቱ መኮንን እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዱና በዚህኛው ጊዜ እርሻ ተማሩ። ይህ ለዘመኑ ሰው ግራ የሚያጋባ ምርጫ ነው። ወታደር የሚያስበው ስለ ግንባር፣ መኳንንት የሚያስበው ስለ ጉልት ነው፤ ስለ ማረሻ የሚያስበው ገበሬ ብቻ ነበር። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. ያወጡትን “አርአያ” የተባለ ልብ ወለድ ያነበበ ሰው፣ ከፈረንሳይ ተምሮ ተመልሶ ልቡ እርሻ እርሻ የሚለው ባለታሪክ ከየት እንደመጣ ለመገመት አይቸገርም።

በዚያን ዘመን ሌላም ነገር ሠሩ፤ “ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ” የሚል ተውኔት ጻፉ። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። አውሬዎችን እያናገረ የቤተ መንግሥቱን ሙስናና ስንፍና ስለሚነካ ንግሥት ዘውዲቱ ከለከሉት፤ ቅጂዎቹም ተሰበሰቡ። ነገሩን ልብ በሉ፤ የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት የጻፉት ሰው ከዚያ በፊት ጽሑፋቸው በመንግሥት የታገደባቸው ደራሲ ነበሩ።

በ1909 መስከረም በልጅ ኢያሱ ላይ በተደረገው የመንግሥት ለውጥ ተክለ ሐዋርያት ከለውጡ ወገን ነበሩ። ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ሲሆኑ እሳቸውም የተስፋው ተካፋይ ሆኑ። ልዑሉ የአሳዳጊያቸው የራስ መኰንን ልጅ ናቸው፤ ሁለቱም የሐረር ልጆች፣ ሁለቱም የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ፣ ሁለቱም አገሪቱ ካልተለወጠች ትጠፋለች የሚሉ። ወዳጅነታቸው ግን ሁልጊዜ ቅሬታ ያለበት ወዳጅነት ነበር። አንዱ ነገርን ቀስ ብሎ፣ በጎን፣ ሰውን ከሰው እያመዛዘነ መሥራት ያውቃል። ሌላው ፊት ለፊት መናገር ይወዳል።

ከጅጅጋ ሹመት በኋላ የጨርጨር አስተዳደር ተሰጣቸው። ጨርጨር ላይ ያደረጉት ለሕገ መንግሥቱ የልምምድ ሜዳ ነበር ማለት ይቻላል። አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ ቆረቆሩ። መሬት እየተለካ ግብሩ የታወቀ እንዲሆን፣ ሹም በገበሬው ጎተራ ሳይሆን በተወሰነለት ደመወዝ እንዲኖር ደንብ አወጡ። ጨርጨር የአርአያ ግዛት ተባለ። ሐሳቡ ለሌሎችም አውራጃዎች እንዲዳረስ ነበር። ዳሩ ግን ሌሎቹ አውራጃዎች ጌታ ነበራቸው።

ጌቶቹ እነማን እንደነበሩ ለማየት ወደ ጣና ዳር መሄድ ይበጃል። በ1920 ዓ.ም. አንድ ሰው ከአንበሳሜ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር ቢወርድና ዓባይን ቢሻገር፣ የሚሻገረው ወንዝ ብቻ አልነበረም። ደራ በበጌምድር ነው፤ በጌምድር የራስ ጉግሣ ወሌ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ጎጃም ደግሞ የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነው። የደራ ገበሬ ግብሩን፣ ፍርዱን፣ ዘመቻውን የሚያውቀው በራስ ጉግሣ ሹማምንት በኩል ነው፤ የባሕር ዳሩ በራስ ኃይሉ። አዲስ አበባ ለሁለቱም ሩቅ ናት። ራስ ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱም የቀድሞ ባል ናቸው፤ ራስ ኃይሉ የንጉሥ ልጅ ናቸው። ሁለቱም ከአልጋ ወራሹ ከተፈሪ የሚያንሱ አይመስላቸውም ነበር።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ደብረ ዘቢጥ አጠገብ አንቺም ላይ ጉዳዩ በጦር ተቆረጠ። አውሮፕላን ወረቀት በተነ፣ ቦምብም ጣለ፤ ራስ ጉግሣ ተገደሉ። ንግሥት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ። በጌምድር ለራስ ካሳ ቤት ተሰጠ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ጫኑ፤ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ሕገ መንግሥቱ ተፈረመ። በዓመቱ ልጅ ኢያሱ ከፍቼ ሲያመልጡ በሤራው አሉበት ተብለው ራስ ኃይሉ ተያዙ፤ ተፈርዶባቸው ታሰሩ፤ ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠ። በጣና ግራና ቀኝ የነበሩት ሁለት ጌቶች በሁለት ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ጠፉ። ሕገ መንግሥቱ የተቀመጠው ልክ በሁለቱ መካከል ነው። ይህን ቀን ቆጠራ ያላየ ሰው፣ ሰነዱ የውጭ አገር ሰዎችን ለማስደሰት የተሠራ ጌጥ ይመስለዋል። ለውጭ ማሳያነቱ አይካድም፤ ኢትዮጵያ በ1916 መስከረም የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆናለች፤ የሠለጠነ መንግሥት መልክ ያስፈልጋታል። ዋናው ሥራው ግን የአገር ውስጥ ነበር፤ አንቺም ላይ በቦምብ የተጀመረውን በቀለም መጨረስ።

አርቃቂው አብነት ያደረጉት ጃፓን በ1881 ዓ.ም. ያወጣችውን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው። የዚያም ሕግ ዋና አርቃቂ ኢቶ ሂሮቡሚ በወጣትነታቸው ሰይፍ የታጠቁ ሳሙራይ ነበሩ፤ ኋላ በርሊንና ቪዬና ወርደው ሕግ ያጠኑ። ቱርክን ብናይ ደግሞ የስዊስን የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1918 ዓ.ም. አገሩ ያስገባው አታቱርክ የጋሊፖሊ ጦር አዛዥ የነበረ ነው። ስለዚህ የእኛ መድፈኛ ብቻቸውን አይደሉም፤ በዚያ ዘመን አሮጌ መንግሥትን በችኮላ ለማደስ በተነሡ አገሮች ሁሉ ወታደሩ ሕግ ሲጽፍ እናገኘዋለን።

ወታደር ሕግ ሲጽፍ የሙያው ጠረን አይለቀውም። መድፈኛ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ስድስት መድፍ በስድስት ሰው ፈቃድ ከተተኮሰ ጠላት አይመታም። ትእዛዙ ከአንድ ቦታ መውጣት አለበት። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት በዚህ ዓይን ያነበበ ሰው የሚያስደንቀው ነገር አያገኝም። ሦስተኛው አንቀጽ ዘውዱ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከሚወለደው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር እንዳይወጣ ይዘጋል። በአንድ አንቀጽ የጎንደርም፣ የትግራይም፣ የጎጃምም በር ተዘጋ ማለት ነው። አምስተኛው አንቀጽ የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፣ ክብራቸውን የማይደፈር ያደርጋል። ሁለት ምክር ቤቶች ይቆማሉ፤ የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። መኳንንቱ ከየግዛታቸው ተነሥተው አዲስ አበባ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ተጋበዙ። ክብር ይመስላል፤ ነውም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ራስ ግን ጦሩ ከኋላው የለም።

የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ነገር ከሁሉ ይልቅ አነጋጋሪ ነው። በ32ኛው አንቀጽ መሠረት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ እንደራሴዎቹን የሚመርጡለት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ናቸው። ጃፓን እንኳ በዚያ ሁሉ የንጉሥ ክብሯ የታችኛውን ምክር ቤት በምርጫ ነበር የሠራችው፤ ግብር የሚከፍል ወንድ ብቻ ቢሆንም፣ ከመቶ ሰው አንድ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ምርጫ ምርጫ ነው። የእኛው አርቃቂ ይህን ክፍል አላመጡትም። ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው ቁጥር፣ የመንገዱ አለመኖር፣ የመኳንንቱ ኃይል ሁሉ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እኔን የሚከነክነኝ “እስኪበቃ” የምትለዋ ቃል ናት። መብቃቱን የሚለካው ማን ነው? ሚዛኑን የያዘው ራሱ ሥልጣኑን የያዘው ከሆነ ቀኑ መቼ ይደርሳል? አንድ የደራ ገበሬ በ1924 ጥቅምት ፓርላማው ሲከፈት በእሱ ስም የተቀመጠውን ሰው አልመረጠም፤ በሕጉ መሠረት ሊመርጥም አይችልም ነበር። ኢትዮጵያዊ ድምፅ ሰጥቶ እንደራሴ የመረጠው ጥቅምት 24 ቀን 1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ፣ በ1950 መግቢያ ላይ ነው። “እስኪበቃ” 26 ዓመት ፈጀች።

ሆኖም ሰነዱን በዚህ ብቻ መዝኖ መጣል ለአርቃቂው ፍርደ ገምድልነት ነው። ሦስተኛውን ምዕራፍ ያንብቡት። ማንም ኢትዮጵያዊ ከሕግ ውጭ እንዳይያዝ፣ እንዳይታሰር፣ እንዳይቀጣ ይላል። በሕግ ከቆመ ፍርድ ቤት ውጭ እንዳይዳኝ፣ ቤቱ ያለ ሕግ እንዳይፈተሽ፣ ደብዳቤው እንዳይከፈት፣ ሀብቱ ለሕዝብ ጥቅም ካልሆነ እንዳይወሰድበት ይደነግጋል። 55ኛውና የመጨረሻው አንቀጽ የመንግሥት ገቢና ወጪ በየዓመቱ በጀት እንዲሠራለት ያዛል። ሹም በገባበት ደጃፍ ዶሮና ሙክት በሚጎተትበት አገር “ቤቱ ያለ ሕግ እንዳይፈተሽ” ብሎ መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም። እርግጥ 29ኛው አንቀጽ በጦርነትና በመከራ ጊዜ ይህ ሁሉ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን እንደማያግድ አስጠንቅቋል። አንቀጾቹ በሥራ አልዋሉም ከተባለም ብዙ ጊዜ አልዋሉም። ነገር ግን ያልተጻፈ መብት ተጣሰ ተብሎ አይከሰስም። መድፈኛው ቢያንስ የተጻፈ ነገር ተዉልን።

የገንዘብ ሚኒስትርነታቸው ብዙ አልቆየም። ለፓሪስ፣ ለሎንዶንና ለጄኔቭ መልእክተኛ ሆነው ተላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ የሚናገር ሰው ሲበዛባቸው ወደ ውጭ በሹመት የመላክ ልማድ ነበራቸው ስለሚባል፣ ይህንንም ከዚያ የሚቆጥሩት አሉ። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ዕጣቸው ሰውየውን በትክክለኛው ጊዜ በአስቸጋሪው ቦታ አስቀመጣቸው።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ወልወል ላይ የኢትዮጵያና የጣሊያን ወታደሮች ተታኮሱ። ኢትዮጵያ ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር አቀረበች። ተክለ ሐዋርያት ጄኔቭ ላይ የቆሙት ለሌላ ዓይነት ሕግ ነበር፤ 1923 ላይ መሳፍንቱ በሕግ እንዲገዙ የጠየቁ ሰው፣ አሁን ኃያላን መንግሥታት በፈረሙት ቃል እንዲገዙ ጠየቁ። አጠገባቸው የኢትዮጵያ ጠበቃ ሆነው የቆሙት የፓሪሱ የሕግ ፕሮፌሰር ጋስቶን ዤዝ ነበሩ። (ዤዝ በዚህ የተነሣ ፓሪስ ላይ ብዙ አዩ፤ ቀኝ አክራሪ የሆኑ የራሳቸው የሕግ ፋኩልቲ ተማሪዎች በ1928 ትምህርት እንዳይሰጡ ሁከት አስነሥተውባቸዋል። የሕግ ተማሪ ሕግን ለጠበቀ መምህር ሲጮህበት ማየት የዘመኑን መንፈስ ይነግረናል።)

የጣሊያን መልስ ብልጠት ነበረበት። በነሐሴ 1927 መጨረሻ ትልቅ የክስ መዝገብ ከነፎቶግራፉ አቀረበች፤ ኢትዮጵያ ባሪያ የሚሸጥባት፣ ሥርዓት የሌላት፣ ከማኅበሩ ልትባረር የሚገባት አገር ናት አለች። ክርክሩ ከወልወል ጥይት ወጥቶ “ኢትዮጵያ መንግሥት ናት ወይ?” ወደሚል ተሸጋገረ። የሕገ መንግሥቱ ነገር እዚህ ላይ ይመለሳል። ባርነትን የሚከለክሉት የ1916ና የ1923 አዋጆች፣ ፓርላማው፣ 55ቱ አንቀጾች፤ እነዚህ ሁሉ የአገሪቱ የመንግሥትነት ማስረጃዎች ነበሩ። ጎደሎ ቢሆኑም ነበሩ።

የእኚህን ሰው ሁኔታ የሚያሳዝን የሚያደርገው ግን ሙያቸው ነው። ኢትዮጵያ ሰላም ፈላጊነቷን ለማሳየት ወታደሮቿን ከድንበር 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲመለሱ አዘዘች፤ ገለልተኛ ታዛቢ ይላክልን አለች። ጄኔቭ ያሉት ዲፕሎማቶች ይህን በጎ ፈቃድ ብለው መዘገቡት። ከመካከላቸው 30 ኪሎ ሜትር በመድፍ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ፣ ኮረብታን ለጠላት መድፈኛ ትቶ መውረድ ምን እንደሚያስከትል በትምህርት የሚያውቁት የኢትዮጵያው መልእክተኛ ነበሩ። በዚያው ወቅት እንግሊዝና ፈረንሳይ የጦር መሣሪያ ለኢትዮጵያ እንዳይወጣ ከልክለዋል፤ ጣሊያን ራሷ ትሠራለችና ክልከላው የሚነካው አንዷን ብቻ ነው። መድፈኛው በሙሉ ልብሳቸው ሆነው፣ በፈረንሳይኛ፣ ጥይት ላልተሰጠው ሠራዊት አንቀጽ ሲጠቅሱ መዋል ነበረባቸው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ጣሊያን መረብን ተሻገረች። ከአራት ቀን በኋላ የማኅበሩ ምክር ቤት ጣሊያን ቃል ኪዳኑን ጥሳ ጦርነት መክፈቷን አረጋገጠ። በሕግ ረገድ ኢትዮጵያ ረታች። ኅዳር 8 የጀመረው የኢኮኖሚ ማዕቀብ ግን ነዳጅን አልጨመረም፤ የስዌዝ ቦይም ለጣሊያን መርከብ አልተዘጋም። እንደዚህ ዓይነቱን ፍርድ የአገራችን ባለጉዳይ ያውቀዋል፤ ተፈርዶልህ የማይፈጸምልህ።

ተክለ ሐዋርያት ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ግንባሩ እየፈረሰ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው ወጡ። ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ቆመው ዓለም እስከ ዛሬ የሚጠቅሰውን ንግግር አደረጉ። ያን መድረክ ከእሳቸው በፊት ለወራት ያሟሹት ሰው ግን በዚያን ጊዜ በአዳራሹ አልነበሩም። ተክለ ሐዋርያት በስደት ተንከራተው በመጨረሻ ማዳጋስካር ደረሱ። እዚያም የእርሻ ትምህርታቸው ጠቀማቸው፤ መሬት እያረሱ ኖሩ።

ነፃነት በ1933 ሲመለስ እሳቸው አልተመለሱም። ወዳጆቻቸው ሹመት ሲከፋፈሉ፣ ታናናሾቻቸው ሚኒስትር ሲሆኑ፣ የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት የጻፉት ሰው በሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ላይ ገበሬ ነበሩ። ከነፃነት በኋላም ብዙ ዓመታት ቆይተው ነው የመጡት። ይህን የሚያህል ቆይታ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የነበረውን ቅሬታ ሳያነሡ ማስረዳት ያስቸግራል። ልጃቸው ግርማቸው በዚያው መንግሥት ውስጥ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ሲያገለግሉ አባትዬው ከቤተ መንግሥት ርቀው፣ በወጣትነታቸው ካስተዳደሩት ከጨርጨር ምድር፣ ሂርና ላይ በእርሻቸው ተቀመጡ።

እዚያ ሆነው ብዙ አዩ። የጻፉት ሕገ መንግሥት በ1948 በሌላ ሲተካ አዩ። የ1953ቱን የታኅሣሥ ግርግር ሰሙ። መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ ሕገ መንግሥቱን ሲያግድ፣ ፓርላማውንም ሲዘጋ በሕይወት ነበሩ፤ ያን ጊዜ 90 ዓመታቸው ነው። ወታደሮች መጥተው ሕጉን ሲሽሩት የመጀመሪያውን ሕግ የጻፈው ወታደር ምን አሰበ? መድፈኛው በጽሑፋቸው ላይ የሳሉት አንድ ትእዛዝ ሰጪ ከላይ፣ ሌላው ሁሉ ከታች የሚል ሥርዓት ነበር፤ አዲሶቹ ሰዎች ዘውዱን ጣሉት እንጂ ያን አሠላለፍ አልጣሉትም። በ55ቱ አንቀጾች ውስጥ ትእዛዝ ሰጪውን ማን ያዛል ለሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረም። እርግጥ 1923 ላይ ቢጻፍም የሚፈርምበት ንጉሥ አይገኝም ነበር።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በ1969 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ግድም አረፉ። የአዲስ አበባ መንገዶች በቀይ ሽብርና በነጭ ሽብር የተያዙበት ዓመት ነው፤ የአንድ አሮጌ መድፈኛ ሞት ብዙ ሰው ያስተዋለው አይመስልም። ሕይወታቸውን ግን በእጃቸው ጽፈው አስቀምጠው ነበር። መጽሐፉን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ1998 ዓ.ም. አሳተመው፤ ርዕሱም “ኦቶባዮግራፊ (የሕይወቴ ታሪክ)” ይላል።